ድምፁን መስማት ይለመዳል
የእግዚአብሔርን ድምፅ በዕለት ተዕለት ኑሮ ስለ መለየት



ከየአጥቢያው የሚደርሱን ደብዳቤዎችና በየፕሮጀክቱ ጣቢያ ከሠራተኞች ጋር የምናደርጋቸው ንግግሮች ብዙ ጊዜ በአንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ። ጥያቄውም «እግዚአብሔር ሲናገረን በምን እናውቃለን?» የሚል ነው። ይህ የሰባኪዎች ጥያቄ ብቻ አይደለም። ለሃምሳ ቤተ ሰብ የሚበቃ ስንዴ በመጋዘን ይዞ መቶ ቤተ ሰብ ከበሩ ተሰልፎ የሚያይ የዕርዳታ ሠራተኛ ጥያቄ ነው። ልጄ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ትሂድ ወይስ ትቅር ብላ ሌሊት የምትጸልይ እናት ጥያቄ ነው። ሁለት ወገን ሆኖ የተከፋፈለ ጉባኤ ይዘው የተቸገሩ ሽማግሌዎችም ይህንኑ ይጠይቃሉ።

በዚሁ ጉዳይ ላይ ከአጥቢያ አገልጋዮችና ከፕሮጀክት ሠራተኞች ጋር በአዲስ አበባ ሰሜን፥ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኘው በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል አንድ የጸሎትና የጥናት ቀን አሳልፈን ነበር። በዚያ ቀን የተነጋገርንበትን ለአንባቢዎቻችን ሁሉ እንዲጠቅም በአምስት ክፍል አዘጋጅተን እነሆ እናቀርባለን።

1. መስማት ማለት ምን ማለት ነው?

በቋንቋችን «ሰማ» የሚለው ቃል ብዙ ሥራ ይሠራል። ድምፅ በጆሯችን ሲገባ ሰማን እንላለን። የሰው ቋንቋ ሲገባንም «ኦሮምኛ እሰማለሁ፤ ትግርኛ ግን አልሰማም» እንላለን። ሕመምም፥ ሐዘንም፥ ደስታም ይሰማናል። እናት ደግሞ «ይህ ልጅ አልሰማ አለኝ» ብላ ስታማርር ጆሮው ደነቆረ ማለቷ አይደለም፤ አልታዘዝ አለኝ ማለቷ ነው። እንግዲህ በአማርኛ ሙሉ መስማት ማለት ድምፁን መቀበል፥ ትርጉሙን ማስተዋል፥ በልብ መነካትና መታዘዝ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ መስማታችን ጎደሎ ነው። በየእሑዱ ስብከት እየሰማ ኑሮው የማይለወጥ ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ ካለ ሰው ብዙ አይለይም።

የብላቴናው የሳሙኤል ታሪክ ይህን በደንብ ያስረዳል (1ኛ ሳሙ. 3)። ሳሙኤል የሚተኛው በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ ነበር። መብራቱን፥ ታቦቱን፥ የቤቱን ሥርዓት ያውቃል። ሆኖም እግዚአብሔር በስሙ ሲጠራው ሽማግሌው ዔሊ የጠራው መስሎት ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሮጠ። ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን።

አንደኛ፥ በእግዚአብሔር ቤት ማገልገል ድምፁን ለይቶ ማወቅ ማለት አይደለም። ለብዙ ዓመት በመዘምራን፥ በኮሚቴ ወይም በዕርዳታ ሥራ የቆየን ሰዎች ይህን ልናስብበት ይገባል። ሁለተኛ፥ ሳሙኤል ድምፁን እንዲለይ የረዳው ሌላ ሰው ነው። ዔሊ ዓይኑ የፈዘዘ፥ በቤቱም ብዙ ጉድለት የነበረበት ሰው ቢሆንም ልጁን እንዴት መልስ እንደሚሰጥ አስተማረው። መስማት የሚለመድ ነገር ነው፤ የሚያለማምድ ሰውም ያስፈልገዋል። ሦስተኛ፥ ሳሙኤል የሰማው መልእክት ሰሚውን የሚያስደስት አልነበረም። በሚወደው በዔሊ ቤት ላይ የሚመጣ ፍርድ ነበርና ለመናገር ፈራ። የሰማነው ድምፅ ሁልጊዜ የምንመኘውን ብቻ የሚነግረን ከሆነ የራሳችን ምኞት እንዳይሆን መጠርጠር ይገባናል።

2. ከሁሉ በፊት የተጻፈው ቃል

ጌታ ኢየሱስ በጎቹ የእረኛቸውን ድምፅ እንደሚያውቁ ተናግሯል (ዮሐ. 10)። በግ ድምፅን የሚለየው በአንድ ቀን ትምህርት አይደለም። ጧት ሲወጣ፥ ቀን ሲሰማራ፥ ማታ ሲገባ ያንኑ ድምፅ ስለሚከተል ነው። ለእኛ ደግሞ ያ የየዕለቱ ድምፅ በመጀመሪያ የተጻፈው ቃል ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ የእግዚአብሔርን አነጋገር ያልለመደ ሰው በሕልምና በስሜት የመጣለትን ነገር የሚመዝንበት ሚዛን የለውም።

ይህ ቃል ተራው ሰው በሚናገረው ቋንቋ በእጃችን እንዲገባ ብዙዎች ደክመዋል። ኢትዮጵያዊው አቡ ሩሚ በካይሮ ተቀምጠው ዓመታት የፈጀ ሥራ ሠርተው መላውን መጽሐፍ ወደ አማርኛ መለሱ፤ ሙሉው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም እ.ኤ.አ. በ1840 ታተመ። በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠው ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታትሞ ወጣ። እነዚህ ሰዎች የደከሙት እግዚአብሔር ለገበሬውም ለሴቲቱም በገዛ ቋንቋቸው ይናገራል ብለው ስላመኑ ነው። መጽሐፉ በቤታችን መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ሳለ «እግዚአብሔር ዝም አለኝ» ብንል ልክ አይሆንም።

ቃሉ ከውስጥ የገባበት ሰው በጭንቅ ሰዓት ምን እንደሚሰማ ለማየት የቄስ ጉዲና ቱምሳን ሕይወት መመልከት ይበቃል። ቄስ ጉዲና የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በእርሳቸው ጊዜ፥ በ1964 ዓ.ም.፥ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ጻፈች። በዚያን ጊዜ ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ ለልማት በብዛት ሲገኝ ለወንጌል ሥራ ግን እያነሰ ነበር። ደብዳቤው ሰውን ነፍስና ሥጋ ብሎ ለሁለት መክፈል እንደማይገባ፥ ወንጌልና ልማት አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን አስረዳ። ያም ደብዳቤ እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይጠናል። እኛም በዕርዳታ ሥራ ያለን ሁሉ የእርሱ ባለዕዳዎች ነን።

የደርግ መንግሥት ቤተ ክርስቲያንን ማስጨነቅ በጀመረ ጊዜ ቄስ ጉዲና ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። እርሳቸው ግን መንጋቸውን ትተው ለመሄድ አልፈቀዱም። ሐዋርያው ጳውሎስ፥ በሕይወት ያሉት ለሞተላቸውና ለተነሣላቸው እንጂ ለራሳቸው መኖር እንደሌለባቸው የጻፈውን (2ኛ ቆሮ. 5፥15) የራሳቸው ሕይወት መመሪያ አድርገው ያዙ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተይዘው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ውሳኔያቸው ከሰማይ አዲስ ድምፅ በመጠበቅ የመጣ አልነበረም። ለዓመታት ያነበቡትና ያስተማሩት ቃል በዚያች ሰዓት ምን ማድረግ እንዳለባቸው ነገራቸው። ስደት የሸሹትን ወንድሞች በዚህ አንፈርድባቸውም፤ ጌታ ራሱ በሕፃንነቱ ወደ ግብፅ ተሰዷልና። የምንለው ይህን ነው፤ በክፉ ቀን የምንሰማው ብዙውን ጊዜ በደኅናው ቀን ያጠራቀምነውን ነው።

3. ጸጥታን መፈለግ

ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ተራራ ላይ ታላቅ ነፋስ፥ የምድር መናወጥና እሳት አለፈበት። እግዚአብሔር ግን በእነዚያ ውስጥ አልነበረም። ከእነርሱ በኋላ በመጣው ጸጥ ባለ ትንሽ ድምፅ ተገናኘው (1ኛ ነገ. 19)። ኤልያስ ያን ጊዜ ደክሞና ተስፋ ቆርጦ እንደ ነበረ አንርሳ። መጀመሪያ ተኛ፤ መልአኩም እንዲበላ አደረገው። ዕረፍት ያጣ ሠራተኛ ድካሙን የእግዚአብሔር ዝምታ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል።

የዛሬው ኑሯችን ነፋስና እሳት የሞላበት ነው። የከተማው ሰው ከታክሲ ወረፋ እስከ ተንቀሳቃሽ ስልክ ጸጥታ አያገኝም። በገጠር ያለው የፕሮጀክት ሠራተኛም በሪፖርት፥ በመኪና ብልሽትና በስብሰባ ቀኑ ያልቅበታል። ስለዚህ ጸጥታ እስኪመጣ መጠበቅ አይቻልም፤ ሄዶ መፈለግ ያስፈልጋል። የጉለሌን ማዕከል የመረጥነው ለዚሁ ነበር። ስፍራው ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት ያለው ሲሆን የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ነው። ከተማው ከሥር እየታየ ጩኸቱ ግን ብዙም የማይደርስበት ቦታ ነው።

በዚያ ተራራ ላይ ከሚታየው ነገር አንድ ትምህርት አግኝተናል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከተማዋ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ባጣች ጊዜ መነሻው አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን ገባ። ቶሎ የሚያድግ፥ ሲቆረጥም ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ የእንጦጦን ተራራ ሸፈነው፤ ለአዲስ አበባም ብዙ ጠቀማት። ማዕከሉ አሁን ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ እያነሣ በቦታው የአገሩን ዛፎች፥ ጥድን፥ ወይራን፥ ዝግባን፥ ኮሶን ይተካል። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለአጠና ይደርሳል። ጥድና ወይራ ግን የተከላቸው ሰው ጥላቸው ሥር ለመቀመጥ ብዙ ዘመን መታገሥ አለበት። መስማትንም መማር እንደዚሁ ነው። ዛሬ ጸልዮ ዛሬውኑ ምልክት የሚሻ ሰው ቶሎ የሚያድገውን ብቻ ይተክላል።

በዚያ ቀን እያንዳንዳችን ስልካችንን ዘግተን ለአንድ ሰዓት ያህል ለብቻችን በዛፎቹ መካከል ተቀመጥን። በኋላ ስንነጋገር አብዛኞቻችን ያልነው አንድ ነበር። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የሥራ ዝርዝር፥ ያልተመለሰ ደብዳቤና የቤት ኪራይ ሲያስቡ አለፈ። ከዚያ በኋላ ነው ልብ መርጋት የጀመረው። ታላቅ ራእይ ያየ ከመካከላችን አልነበረም። አንዱ ለረጅም ጊዜ ሳይጠይቃት የቆየች የታመመች እኅቱ ትዝ አለችው። ሌላይቱ አብራት ከምትሠራ ሴት ጋር መታረቅ እንዳለባት ተሰማት። እግዚአብሔር ብዙ ጊዜ የሚናገረን እንዲህ ባለ ቅርብና ግልጽ ነገር ነው። የቅርቡን ሳንታዘዝ የሩቁን እንዲገልጥልን መለመን አይገባንም።

4. የባልንጀራ ጩኸትም ጥሪ ነው

ጸጥታን ስንወድ አንድ አደጋ አለ፤ ይኸውም የሰውን ድምፅ እንደ ረብሻ መቁጠር ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የተጻፈውን እንይ። በየቀኑ በሚታደለው ምግብ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ስለ ተረሱ በጉባኤው ውስጥ ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት ያጉረመረሙትን ዝም አላሰኙም፤ ጉባኤውን ሰብስበው ነገሩን መረመሩ፤ በመንፈስና በጥበብ የተሞሉ ሰባት ሰዎችም ተመረጡ። በቤተ ክርስቲያን የዕደላ ሥራ በሥርዓት የተደራጀው ከቅሬታ ተነሥቶ ነው። ሰሚ ያጣ ጩኸት ሆኖ ቢቀር ኖሮ እነዚያ መበለቶች ተርበው በቀሩ፥ ቤተ ክርስቲያንም በቋንቋ በተከፈለች ነበር።

ከጉለሌ በላይ ባለው ተራራ ይህን የሚያስታውሱ ሴቶች አሉ። ለብዙ አሥርተ ዓመታት የከተማው ድኻ ሴቶች ከእንጦጦ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ለቅመው፥ ከገዛ ክብደታቸው ብዙም የማያንስ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፥ ጎንበስ ብለው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ኖረዋል። የአዲስ አበባ እንጀራ ብዙው የተጋገረው እነርሱ ባወረዱት ማገዶ ነው። እንግዲህ አንድ የክርስቲያን ድርጅት በእንዲህ ያለ ተራራ ላይ ዛፍ ለመትከልና ቦታውን ለመከለል አሰበ እንበል። ሠራተኞቹ ጸለዩ፤ ሥራው የተፈጥሮን ጥበቃ የሚመለከት፥ መልካምም ስለሆነ እግዚአብሔር እንደ ፈቀደው አመኑ። ሴቶቹን ግን ማንም አልጠየቀም። አጥሩ ከተሠራ በኋላ የእነዚያ ሴቶች ልጆች ምን ይበላሉ? ይህን ጥያቄ ያልሰማ ጸሎት ግማሽ ጸሎት ነው። በእንጦጦ ግርጌ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ተደራጅተው በሽመና ሥራ መተዳደር ጀምረዋል። እንዲህ ያለ መንገድ የሚገኘው ሸክሙን የተሸከመችውን ሴት ቁጭ ብሎ ከማዳመጥ ነው።

በመጀመሪያ ያነሣነው የስንዴው ጉዳይም ይህንኑ ይጠይቃል። ስንዴው በጸሎታችን ይበዛ ይሆናል፥ ላይበዛም ይችላል። ነገር ግን እግዚአብሔር በእርግጥ የሚጠይቀን አንድ ነገር አለ፤ ከመዝገቡ ስሟ የቀረው ማን ናት? ወደ ሰልፉ መምጣት የማትችለው አልጋ የያዘችው ሴት፥ ዘመድ የሌለው ሽማግሌ፥ ከሌላ ወረዳ ተፈናቅሎ የመጣው ሰው በዝርዝሩ ውስጥ አሉ ወይ? ይህን ለማወቅ ከቀበሌ ሹም ጋር ብቻ ሳይሆን ከዕድር ሴቶችና ከጎረቤት ጋር መቀመጥ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ የሰው ድምፅ ለእግዚአብሔር ድምፅ መንገድ ይሆናል።

5. የሰማነውን አብሮ መመርመር

«ጌታ ተናገረኝ» የሚለው ቃል ከባድ ቃል ነው። በእውነት ሲነገር ጉባኤን ያንጻል። ሌላው እንዳይጠይቅ አፍ ለመዝጊያ ሲውል ግን ብዙ ጉዳት ያመጣል። ይህን ቃል ሰምተው ትዳራቸውን ያፈረሱ፥ መድኃኒታቸውን የጣሉ፥ ገንዘባቸውን ለማይታወቅ ነገር የሰጡ ምእመናን አሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ትንቢትን እንዳንንቅ፥ ነገር ግን ሁሉን ፈትነን መልካሙን እንድንይዝ ያዘዘን ስለዚህ ነው (1ኛ ተሰ. 5)። መናቅም ሳይመረምሩ መቀበልም ሁለቱም ስሕተት ናቸው።

የአንጾኪያ ጉባኤ መልካም ምሳሌ ይሆነናል (ሐዋ. 11፥27-30)። ነቢዩ አጋቦስ ታላቅ ረኀብ እንደሚመጣ በመንፈስ አመለከተ። ደቀ መዛሙርት ይህን ሲሰሙ በአድናቆት ብቻ አልተመለሱም። እያንዳንዱ እንደ ችሎታው አዋጥቶ በይሁዳ ላሉት ወንድሞች ርዳታ ላከ፤ ገንዘቡንም በታመኑ ሰዎች፥ በበርናባስና በሳውል እጅ ለሽማግሌዎች አስረከቡ። ትንቢቱ ወደ መዋጮ፥ ወደ አደራና ወደ ርክክብ ደረሰ። የእኛም ሥራ በዚያው መንገድ ላይ ነው። የሒሳብ መዝገብን በንጽሕና መያዝ ከመንፈስ ቅዱስ ምሪት የተለየ ሥራ አይደለም።

በአገራችንም አብሮ መስማት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ታይቷል። በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿም ታሰሩ። ምእመናኑ ያን ጊዜ 5000 ያህል ነበሩ። አዳራሽና ድምፅ ማጉያ ስለሌላቸው በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ተሰብስበው፥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቃሉን ማጥናትና መጸለይ ያዙ። በ1983 ዓ.ም. ወደ አደባባይ ሲወጡ ከ30000 በላይ ሆነው ተገኙ። በእንዲህ ያለ ትንሽ ቡድን ውስጥ ማንም ተደብቆ አይቀመጥም። ሰማሁ የሚለውን ሰው ኑሮውን የሚያውቁት ወንድሞችና እህቶች ይመዝኑለታል።

ስለዚህ አንድ ውሳኔ ሲገጥመን እነዚህን አራት ጥያቄዎች እንድንጠይቅ እንመክራለን።

ሀ) የሰማሁት ከተጻፈው ቃል፥ በተለይም ከክርስቶስ ጠባይ ጋር ይስማማል?
ለ) የሚያውቁኝና ሊቃወሙኝ የሚደፍሩ የበሰሉ ክርስቲያኖች ምን ይላሉ?
ሐ) በውሳኔው የሚነካው ሰው፥ በተለይም ድኻው፥ ተጠይቋል?
መ) ለመታገሥና ለመመርመር ጊዜ ይሰጠኛል፥ ወይስ በፍርሃት ያስቸኩለኛል?

ያቺ ስለ ልጇ የምትጸልይ እናት በእነዚህ ጥያቄዎች ብትሄድ ብዙ ብርሃን ታገኛለች። ደላላው «ዛሬ ካልሆነ ዕድሉ ያመልጣል» እያለ ሲያጣድፋት አራተኛው ጥያቄ ያስቆማታል። ሁለተኛው ጥያቄ ከዐረብ አገር ተመልሳ ከመጣች የጎረቤት ልጅ ጋር ያነጋግራታል። ሦስተኛው ደግሞ ልጅቱን ራሷን እንድትጠይቅ ያደርጋታል። እንዲህ ስታደርግ ሰማይ ተከፍቶ ባታይ እንኳ እግዚአብሔር አልመራትም ማለት አይቻልም።

በአጥቢያችሁ ለመጀመር

ለዚህ ትልቅ ዝግጅት አያስፈልግም። ጧት ከሥራ በፊት አጭር የወንጌል ክፍል ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ከዚያም ለጥቂት ደቂቃ ዝም በሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዎች ጋር ተገናኝታችሁ የሰማችሁትንና የታዘዛችሁትን ተነጋገሩ። የፕሮጀክት ሠራተኞች የወር ስብሰባቸውን ሲጀምሩ፥ ከጸሎቱ ቀጥሎ «በዚህ ወር ማንን ሳንሰማ ቀረን?» የሚለውን ጥያቄ ቢያስቀድሙ መልካም ነው።

ለቡድን ውይይት የሚከተሉትን ጥያቄዎች ተጠቀሙ፤

– እንደ ዔሊ ድምፁን እንድትለዩ የረዳችሁ ሰው ማን ነው? እናንተስ ለማን እንደዚያ ሆናችኋል?
– በአካባቢያችሁ ቅሬታው ማጉረምረም ብቻ ተብሎ የታለፈ ሰው አለ?
– ባለፈው ወር ከቃሉ ሰምታችሁ ያልታዘዛችሁት የቅርብ ነገር ምንድር ነው?

በድርቅና በጦርነት በተጎዱ አካባቢዎች የሚያገለግሉትን ሠራተኞቻችንን በጸሎታችሁ አስቡ። በየቀኑ መቶ ድምፅ ይሰማሉ፤ ለሁሉም መልስ የላቸውም። በደከሙ ጊዜ እረኛቸውን እንዲሰሙ፥ የተሰለፈውን ሰው ፊት ሲያዩም ልባቸው እንዳይደነድን ለምኑላቸው። ጌታ ለሁላችን የሚሰማ ጆሮ፥ የሚታዘዝም ልብ ይስጠን። አሜን።